ከሰሉ ሲቆም ከተማው እንዳይቆም

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ መልስ ስለ ግብር ለመስማት ጊዜ ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። የማወራው ስለ ድንጋይ ከሰል ግብር ነው። አንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች ከዚህ ግብር ያገኙትን ገንዘብ ለኢኮኖሚ ልማት እንዴት እንዳዋሉት፣ እንዴትስ ከእጃቸው እንዳመለጠ። ሞንታና ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ከዚያ ወደ ኬንታኪ እሄዳለሁ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ግብሩን እንወቀው። አንድ ኩባንያ ከሰል ከመሬት ሲያወጣ፣ ከሽያጭ ዋጋው ላይ የተወሰነ በመቶ ለግዛቱ ይከፍላል። ዘንድሮ አተረፍክ ወይስ ከሰርክ ተብሎ አይጠየቅም። ከሰሉ ከወጣ ግብሩ አለ። ከትርፍ ግብር የሚለየው በዚህ ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ የወጣ ከሰል ተመልሶ አይበቅልም። ግዛቱ ያጣው ነገር ለዘለዓለም ነው ያጣው።

ለዚህም ነው ይህን ገንዘብ እንደ ማንኛውም የመንግሥት ገቢ ማየት አደገኛ የሚሆነው። አንድ ገበሬ በሬውን ሸጦ በገንዘቡ የዓመቱን እህል ቢሸምት፣ ቤተሰቡ ዘንድሮ ጠግቦ ያድራል። በሚቀጥለው ክረምት ግን የሚያርስበት የለም። የከሰል ግብርም የበሬ ዋጋ ነው። በደመወዝና በዘይት መግዣ ካለቀ፣ የሚቀጥለው ትውልድ ከሰሉንም ገንዘቡንም አያገኝም።

ሞንታናዎች ይህን ከመጽሐፍ አልተማሩም። ከመዳብ ነው የተማሩት። ቢዩት የምትባለው ከተማቸው በአንድ ወቅት የዓለም ትልልቅ የመዳብ ማዕድን ማውጫዎች ከሚጠቀሱባቸው ቦታዎች አንዷ ነበረች። አናኮንዳ የተባለው ኩባንያ ማዕድኑን ብቻ አይደለም የያዘው። እስከ 1959 ድረስ የግዛቱን አብዛኞቹን ዕለታዊ ጋዜጦችም በባለቤትነት ይዞ ነበር። የምክር ቤት ወንበር ላይ ማን እንደሚቀመጥም እጁ ረጅም ነበር። ሀብቱ በባቡር ወጣ። ለቢዩት የቀራት በርክሊ ፒት የሚባል ግዙፍ ጉድጓድ ነው። ቁፋሮው በ1982 ሲቆም ጉድጓዱ አሲድና ብረት በቀላቀለ ውሃ መሞላት ጀመረ። እስከ ዛሬ ድረስ ውሃው እንዳይፈስ ይጠበቃል።

ስለዚህ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የከሰል ኩባንያዎች ወደ ምሥራቅ ሞንታና ሲመጡ፣ ሰዉ በተከፈተ ዓይን ነው የጠበቃቸው። ኩባንያዎቹ ለምን መጡ? በ1970 የወጣው የአየር ብክለት ሕግ ሰልፈር የበዛበትን ከሰል ማቃጠል ከባድ አደረገው። በሞንታናና በዋዮሚንግ የተዘረጋው የፓውደር ሪቨር ከሰል ደግሞ ሰልፈሩ ዝቅተኛ ነው፤ ዋሻ ሳይቆፈር፣ የላዩ አፈር ተገልብጦ የሚወጣም ነው። በ1973 የዓረብ አገሮች ነዳጅ ሲያግዱ ጥድፊያው ባሰ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1971 የወጣ አንድ የመንግሥትና የኃይል ኩባንያዎች ጥናት በአካባቢው 42 የኃይል ማመንጫዎች እንዲሠሩ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። አርባ ሁለት! ከብት የሚረባበት፣ ሰው የተበታተነበት ሜዳ ላይ።

ከብት አርቢዎቹ ተደራጁ። ከአካባቢ ጥበቃ ሰዎች ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጡ። በ1972 ግዛቱ አዲስ ሕገ መንግሥት አጸደቀ፤ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብትም ተጻፈበት። በ1975 ደግሞ ምክር ቤቱ በቶን በሳንቲም ይሰበሰብ የነበረውን ግብር ትቶ፣ ሲቃጠል ጥሩ ሙቀት በሚሰጥ፣ የላዩ አፈር ተገልብጦ በሚወጣ ከሰል ላይ ከዋጋው 30 በመቶ ጣለ። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ከነበሩት የከሰል ግብሮች ሁሉ ከፍተኛው ይህ ነበር።

ብዙ ሰው ስለ ሞንታና ሲያወራ እዚህ ላይ ይቆማል፤ 30 በመቶ። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር የመጣው በዓመቱ ነው። በ1976 መራጩ ሕዝብ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አጸደቀ። ከከሰል ግብሩ ቢያንስ አንድ አራተኛው በቋሚ ፈንድ ይቀመጥ ተባለ። ከ1980 ጀምሮ ደግሞ ድርሻው ወደ ግማሽ ያድጋል። ወለዱን መጠቀም ይቻላል። ዋናውን ገንዘብ ለመንካት ግን በሁለቱም ምክር ቤቶች የሦስት አራተኛ አባላት ድምፅ ያስፈልጋል።

እስቲ ይህን አስቡት። በዚያን ጊዜ ግዛቱ ችግር አልነበረበትም ማለት አይደለም። መንገድ ያስፈልገው ነበር፤ ትምህርት ቤት ያስፈልገው ነበር። ገንዘቡ ገና መግባት ሲጀምር፣ ለማውጣት በጣም በሚያጓጓበት ሰዓት ነው ሰዎቹ ቁልፉን የሠሩት። ቁልፉን የሠሩት ደግሞ በተራ ሕግ ሳይሆን በሕገ መንግሥት ነው። ተራ ሕግ ቢሆን ኖሮ፣ በጀት ጠበብ ባለ ቁጥር በተራ ድምፅ ይሻር ነበር። ከዚያ ወዲህ ፈንዱ ላይ ዓይኑን የጣለ ፖለቲከኛ ጠፍቶ አያውቅም። ሦስት አራተኛ ድምፅ ማግኘት ግን እጅግ ከባድ ነው። ለዚህም ነው ፈንዱ ዛሬ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኖ የቆመው። የሕዝቡ ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን ብዙም ላልዘለለ ግዛት ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ኩባንያዎቹ ዝም አላሉም። 4 የሞንታና ከሰል አምራቾችና ከሰሉን የሚገዙ 11 የሌላ ግዛት የመብራት ኩባንያዎች ግብሩን እየተቃወሙ ከፍለው ክስ መሠረቱ። ክርክራቸው የሚናቅ አልነበረም። ከሰሉ ከ10 እጅ 9ኙ ወደ ሌላ ግዛት ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ሞንታና ግብሩን የምታስከፍለው የራሷን ሰው ሳይሆን በሺካጎና በሚኒያፖሊስ መብራት የሚያበራውን ሰው ነው አሉ። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በሐምሌ 1981 ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 ድምፅ ለሞንታና ፈረደ። የብዙኃኑን ውሳኔ የጻፈው ዳኛ ተርጉድ ማርሻል ነበር። ግብሩ ከሰሉ ለሞንታና ሰውም ተሸጠ ለሌላ እኩል ነው፤ መጠኑ ይብዛ ወይስ ይነስ የሚለው ደግሞ የፍርድ ቤት ሳይሆን የምክር ቤት ጉዳይ ነው አለ።

አሁን ወደ ልማቱ እንግባ። ገንዘቡ ተቀመጠ፤ ከዚያስ ምን ተሠራበት?

መጀመሪያ ላይ ፈንዱ እንደ ማንኛውም ጥንቁቅ ቆጣቢ ቦንድ ይገዛ ነበር። ሰው ጠየቀ፦ የኛ ከሰል ገንዘብ ሌላ ቦታ ሄዶ ለሌላ ሰው ሥራ ይፈጥራል፣ እኛ ጋ ግን ወጣቱ ይሰደዳል። በ1982 መራጩ በራሱ ተነሳሽነት ድምፅ ሰጠ፤ ወደ ፈንዱ ከሚገባው ገንዘብ 25 በመቶው በሞንታና ኢኮኖሚ ውስጥ እንዲሠራ ተወሰነ። ሥራው የተሰጠው ለግዛቱ የኢንቨስትመንት ቦርድ ነው።

ቦርዱ የሚሠራበት መንገድ ብዙ ሰው የሚገምተው ዓይነት አይደለም። ነጋዴው በቀጥታ ወደ ቦርዱ አይሄድም። ወደ ሰፈሩ ባንክ ነው የሚሄደው። ባንኩ ብድሩን መርምሮ፣ የራሱን ገንዘብ ጨምሮ ይፈቅዳል። ከዚያ ቦርዱ ከብድሩ ትልቁን ድርሻ ይገዛል። ባንኩ የራሱ ገንዘብ ስላለበት ዓይኑን ጨፍኖ አይፈርምም። ቦርዱ ደግሞ ባንኩ ብቻውን የማይሰጠውን ረጅም የመክፈያ ጊዜና ቋሚ ወለድ ይሰጣል። ተበዳሪው አዲስ የሥራ ቦታ ከፈጠረ ወለዱ ይቀነስለታል። እኔ ይህን አሠራር በጣም ነው የምወደው። ፖለቲከኛ ለዘመዱ ፋብሪካ ገንዘብ የሚያወጣበትን በር ያጠባል። የሚሰጠው ገንዘብ ደግሞ ተመልሶ የሚመጣ ብድር ነው፤ ተመልሶ ሌላ ሰው ይደርሰዋል።

በ1992 ሌላ ሐሳብ መጣ። ትንንሾቹ ከተሞች የውሃ ቧንቧቸው አርጅቷል፤ የፍሳሽ መስመራቸው ተበላሽቷል፤ ድልድያቸው ከባድ መኪና አይችልም። 800 ሰው የሚኖርበት ከተማ አንድ የውሃ ማጣሪያ በራሱ አቅም ሊሠራ አይችልም። ስለዚህ የፈንዱ አንድ ክፍል ተለይቶ፣ ወለዱ ለእነዚህ ሥራዎች ድጎማ እንዲሆን ሕዝቡ አጸደቀ። ፕሮግራሙ እስከ ዛሬ አለ። ይህ ልማት ነው ወይ የሚል ካለ፣ አዎ ነው። ንጹሕ ውሃ የሌለው ከተማ ውስጥ ማን ዳቦ ቤት ይከፍታል?

በ2005 ደግሞ ሥራ ፈጠራን በቀጥታ የሚደግፍ ሌላ ክፍል ተቋቋመ። ገንዘቡ በካውንቲዎች (በግዛቱ ሥር ባሉ ወረዳ መሰል አስተዳደሮች)፣ በከተሞችና በነባር ሕዝቦች አስተዳደር በኩል ለሚሰፋ ድርጅት ይሰጣል። ለረጅም ጊዜ የሠራበት ልክ ለአንድ አዲስ ሥራ እስከ 5,000 ዶላር ነው። ድህነት በጠናባቸው ካውንቲዎች እስከ 7,500 ይደርሳል። ደመወዙ የአካባቢውን አማካይ ካላሟላ ድጎማው የለም። ይህች የመጨረሻዋ ሁኔታ ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ብዙ ቦታ የተረሳች ናት። በርካሽ ደመወዝ ብዙ ሥራ ፈጠርን ብሎ መፎከር ቀላል ነው።

ከዚያ ውጪ ያለው የግብሩ ክፍል ብዙ ትንንሽ ኪስ ውስጥ ይገባል። ቤተ መጻሕፍት፣ የአፈር ጥበቃ፣ ፓርኮች፣ የገበሬውን ምርት እዚያው አቀነባብሮ ለመሸጥ የሚረዳ ፕሮግራም። በ2017 የትምህርት ቤት ሕንፃ ማሻሻያ ተጨመረ። በዝርዝር አላደክማችሁም።

ግብሩ ግን በ30 በመቶ አልቀጠለም። ኩባንያዎቹ ከፍርድ ቤት ወደ ምክር ቤት ዞሩ። ጎረቤታችን ዋዮሚንግ በዝቅተኛ ግብር ገበያውን እየወሰደችብን ነው፤ ግብሩ ይቀነስ፣ ምርትና ሥራ ይጨምራል አሉ። በ1987 ምክር ቤቱ ተቀበለ፤ በደረጃ እየወረደ በ1991 ወደ 15 በመቶ ደረሰ። ምርቱ ጨምሯል፤ እንደተባለው ግን አልፈነዳም። ዋዮሚንግ በ2008 ከ460 ሚሊዮን ቶን በላይ ስታወጣ፣ ሞንታና 45 ሚሊዮን ቶን ገደማ ላይ ነበረች። ዋዮሚንግ የበለጠችው በግብር ብቻ አልነበረም። የከሰሏ ንጣፍ ወፍራም ነው፤ ከላዩ የሚነሳው አፈር ቀላል ነው፤ ባቡሩ ተመቻችቶላታል። ግብር ሲቀነስ የጠፋው ገቢ የታወቀ ነው። የመጣው ጥቅም ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ይህን የምለው ኩባንያ ሁሉ ውሸታም ነው ለማለት አይደለም። ግብሩ ይቀነስ የሚል ሰው ሲመጣ፣ መጀመሪያ የድንጋዩንና የባቡሩን ጉዳይ ጠይቁት ለማለት ነው።

የሞንታናን ነገር ሳወራ ዝም ብዬ የማላልፈው አንድ ጉዳይ አለ። የክሮው ሕዝብ ጉዳይ ነው። ክሮዎች በደቡብ ምሥራቅ ሞንታና የሚኖሩ የአገሩ ነባር ሕዝብ ናቸው። በድሮ ውል የመሬቱን ላይኛ ክፍል ለቀው፣ የከርሰ ምድሩን ሀብት ግን ለራሳቸው ያስቀሩበት ቦታ ነበራቸው። በ1974 እዚያ ላይ የከሰል ማዕድን ተከፈተ። ግዛቱ በዚያ ከሰል ላይም ግብሩን ሰበሰበ። ክሮዎች የራሳቸውን ግብር መጣል ፈልገው ነበር፤ የግዛቱ ግብር ከላይ ከተጫነ ግን ማን የእነሱን ከሰል ይገዛል? ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። ዓመታት ፈጀ። በ1988 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለእነሱ የተፈረደውን አጸና፤ ግዛቱ የክሮዎችን ከሰል ሊቀርጥ አይችልም ተባለ። ቀደም ሲል የተሰበሰበው ገንዘብ ይመለስልን ብለው ያነሱትን ክርክር ግን በ1998 አላሸነፉም። እንግዲህ አስቡት። ከሩቅ መጥተው ሀብታችንን ወሰዱብን ብሎ የተቆጣ ግዛት፣ ያንኑ ነገር በጓዳው ባሉ ሰዎች ላይ አደረገ። በከሰል ገንዘብ የተሠራ ድልድይ ሁሉ ሲቆጠር፣ ይህም አብሮ መቆጠር አለበት።

ወደ ኬንታኪ እንሂድ። ኬንታኪ ሞንታና 30 በመቶውን ከመጣሏ 3 ዓመት ቀድማ፣ በ1972 ነው የከሰል ግብር የጣለችው። መጠኑ 4.5 በመቶ ነው። ከሰል ግን ነበራት! በ1990 ከ170 ሚሊዮን ቶን በላይ አውጥታለች። ስለዚህ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ገንዘቡ ትንሽ አልነበረም። ችግሩ፣ ለረጅም ጊዜ አብዛኛው በቀጥታ ወደ ግዛቱ አጠቃላይ በጀት ነው የፈሰሰው። ቋሚ ፈንድ አልነበረም። በሕገ መንግሥት የተሠራ ቁልፍ አልነበረም።

በ1992 የከሰል ካውንቲዎች ጩኸት ተሰማና፣ የአካባቢ መስተዳድሮች የኢኮኖሚ ልማት ፈንድ ተቋቋመ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ከሰል ካወጡ ካውንቲዎች የተገኘው ገንዘብ ተመልሶ እዚያ ኢንዱስትሪ እንዲያመጣ። በገንዘቡ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ተሠሩ። ተራራ ተቆርጦ ሜዳ ተደረገ፤ መንገድ ገባ፤ መብራት ገባ። ፋብሪካዎቹ ግን በሚጠበቀው ልክ አልመጡም። አንዳንዱ ፓርክ ለዓመታት ባዶ ሜዳ ሆኖ ቀረ። ከአውራ ጎዳና የራቀ ተራራማ አገር ውስጥ ሜዳ ስላለ ብቻ ፋብሪካ አይመጣም።

ከጊዜ በኋላ ደግሞ የፈንዱ ዓላማ እየሰፋ፣ እየላላ ሄደ። በየሁለት ዓመቱ በጀት ሲጸድቅ፣ የምክር ቤት አባላት ለየወረዳቸው ፕሮጀክት በስም እያስገቡ መከፋፈል ጀመሩ። የእሳት አደጋ መኪና፣ መናፈሻ፣ አዳራሽ። እነዚህ ሁሉ ለነዋሪው የሚያስፈልጉ ነገሮች ናቸው፤ ሰውን አልወቅስም። ድሃ ካውንቲ የእሳት አደጋ መኪና ሲያገኝ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ከከሰል በኋላ የሚመጣውን ኑሮ ያቆማል ተብሎ የተቀመጠ ገንዘብ ነበር። ነገሩ ጫፍ የወጣው በ2012 ነው። በሌክሲንግተን ከተማ ላለው ትልቁ የቅርጫት ኳስ አዳራሽ፣ ለራፕ አሬና፣ የእድሳት ዕቅድ ሥራ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ከከሰል ግብር ገንዘብ ተመደበ። ሌክሲንግተን ከሰል አይወጣባትም። ግዛቱ ውስጥ ካሉት ሁለት ትልልቅ ከተሞች አንዷ ናት። የተራራው ሰው ተቆጣ፤ ሲያንስ ነው።

በዚያው ሰሞን ነው ዘመኑ የተገለበጠው። የተፈጥሮ ጋዝ ረከሰ፤ የምሥራቅ ኬንታኪ ከሰል ለማውጣት ውድ ሆነ። ማዕድኖች ተራ በተራ ተዘጉ። በ2012 የበጀት ዓመት ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋ የነበረው ግብር፣ በአራት ዓመት ውስጥ ከግማሽ በታች ወረደ። ካውንቲዎቹ እርዳታ በጣም በሚያስፈልጋቸው ሰዓት፣ ለእርዳታ የታሰበው ገንዘብ አብሮ ደረቀ። ከሰል ሲጨምር ገንዘብ ይጨምራል፤ ከሰል ሲቀንስ ገንዘብ ይቀንሳል። ሲጨምር ካላስቀመጥክ፣ ሲቀንስ የምታወጣው የለህም። ነገሩ ሂሳብ ነው፤ ግን ሰው ሕይወት ላይ ያረፈ ሂሳብ ነው።

ማርቲን ካውንቲን ላንሳ። በ1964 ፕሬዝዳንት ጆንሰን በድህነት ላይ ዘመቻ ሲያውጅ ሄዶ የታየባት አነስተኛ ከተማ፣ አይነዝ፣ የዚህ ካውንቲ መቀመጫ ናት። ከዚያ ወዲህ ባሉት አሥርት ዓመታት ከዚያ ተራራ ስንት ባቡር ከሰል ወጥቷል። በ2010ዎቹ መጨረሻ ግን የካውንቲው የውሃ ድርጅት ከሚያጣራው ውሃ ከግማሽ በላዩ ከተሰባበረው ቧንቧ እየፈሰሰ ይጠፋ ነበር። ለሰዉ ቤት የሚደርሰው የደፈረሰ ነበር፤ አንዳንዴም ለቀናት ይቋረጣል። እናት ለልጇ ወተት ለመበጥበጥ የታሸገ ውሃ ትገዛለች። ለዚህ ነው ሞንታና ለቧንቧ የመደበችውን ወለድ ያን ያህል ያወደስኩት።

ዌስት ቨርጂኒያ ደግሞ በ2014 እንደ ሞንታና ዓይነት ፈንድ በሕግ አቋቋመች፤ የወደፊት ፈንድ ተባለ። ገንዘብ የሚገባበት ሁኔታ ግን በጣም ከባድ ሆኖ ተጻፈ፤ ከሰሉም ቁልቁል መሄድ ጀምሮ ነበር። ፈንዱ ለዓመታት ባዶውን ተቀመጠ። መቶ ዓመት ከሰል ያወጣ ግዛት ማስቀመጫውን የሠራው ሀብቱ ሊያልቅ ሲል ነው።

እስካሁን የሰማችሁኝ ሞንታና ልክ፣ ኬንታኪ ስህተት ያልኩ ሊመስላችሁ ይችላል። እንደዚያ አይደለም። ሞንታናም የጎደላት አለ። ያም ጎዶሎ ነው ዛሬ ወደዚህ ያመጣኝ።

ኮልስትሪፕ የምትባል ከተማ አለች። በ1924 የባቡር ኩባንያ ለሎኮሞቲቩ ከሰል ለማግኘት የቆረቆራት ናት። በ1975 እና በ1976 ሁለት የኃይል ማመንጫዎች ተተከሉባት፤ በ1980ዎቹ ሁለት ተጨመሩ። ከ2,000 ብዙም የማይበልጥ ሰው ይኖርባታል። ትምህርት ቤቷ፣ ፓርኳ፣ ክሊኒኳ፣ ሁሉም የቆመው በከሰሉና በማመንጫው ነው። በ2020 መጀመሪያ ሁለቱ አሮጌ ማመንጫዎች ተዘጉ። ከኃይሉ ትልቅ ድርሻ ይወስድ የነበረው የዋሽንግተን ግዛት ደግሞ በ2019 ባወጣው ሕግ ከ2025 በኋላ ከከሰል የመጣ መብራት አልፈልግም አለ።

አሁን ጥያቄው ይህ ነው። ያ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ፈንድ በትልቅ ድርሻ የተሞላው ከዚች ከተማና ከአካባቢዋ በወጣ ከሰል ነው። ታዲያ ፈንዱ ለኮልስትሪፕ ምን ያደርጋል? እርግጥ በ1975 የተቋቋመ የከሰል ቦርድ የሚባል አለ፤ ለከሰል አካባቢዎች ድጎማ ይሰጣል፤ ሕጉም ማዕድን ሲዳከም የሚጎዱትን ያስባል። እሱ የሚያገኘው ድርሻ ግን ከግብሩ ትንሹ ነው። ከፈንዱ ለልማት የሚውለው ትልቁ ገንዘብ የሚሠራው በብድር ነው። በባንክ በኩል የሚያልፍ ብድር ደግሞ ተበዳሪ ወዳለበት ነው የሚሄደው። ተበዳሪ ያለው ደግሞ በሚያድግ ከተማ ነው። ሆቴል የሚሠራ፣ ሶፍትዌር የሚሸጥ፣ ቢራ የሚጠምቅ። ብድሩ ትክክለኛ ብድር ነው፤ ይከፈላል፤ ሥራም ይፈጥራል። ነገር ግን ከማዕድን የወጣ የ50 ዓመት መካኒክ ይህ ብድር አይደርሰውም። ቤቱን መሸጥ አይችልም፤ ማን ይገዛዋል?

አሠራሩ ጥሩ ነው ያልኩትን አልመልስም። ከፖለቲከኛ እጅ መራቁ ጥንካሬው ነው። ያው ጥንካሬ ግን ለደካማው ከተማ በሩን ያጠባል። ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ከባድ ነው፤ ግን ካላየን ልማት ማለት ጠንካራውን ማጠንከር ብቻ ይሆናል። ኬንታኪ ከገንዘቡ ከፊሉን ወደ ከሰል ካውንቲው መለሰች፤ ግን አላስቀመጠችም። ሞንታና አስቀመጠች፤ ግን ወደ ከሰል ካውንቲው የመለሰችው ትንሹን ነው። ሁለቱንም ያደረገ ግዛት እስካሁን አላየሁም።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። በያዮ፣ በዳውሮ፣ በጅማ ዙሪያ ከሰል አለ። የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ከውጭ ያስገቡት የነበረውን በአገር ውስጥ ከሰል እየተኩ ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 98 በትልልቅ የማዕድን ሥራዎች ላይ የሚጣለው ግብርና ሮያሊቲ (ለሚወጣው ማዕድን ለመንግሥት የሚከፈል ድርሻ) የፌዴራልና የክልሎች የጋራ ነው ይላል። ክፍፍሉ ላይ እንከራከራለን፤ ልንከራከርም ይገባል። ከተከፋፈለ በኋላ ምን ይሆናል የሚለውን ግን ብዙም አንነጋገርበትም። ከሰሉ የሚወጣበት ወረዳ ያለው ገበሬ መሬቱ ተቆፍሮ፣ መንገዱ በከባድ መኪና ፈርሶ፣ ከ20 ዓመት በኋላ ምን ይዞ ይቀራል? ይህን መጠየቅ ያለብን አሁን ነው፤ ማዕድኑ ገና ጅማሮ ላይ ሳለ።

ሰብሳቢዋ ጊዜ እያለቀ ነው ብለውኛል። ከመቀመጤ በፊት፣ አስቀድሞ ከመጡልኝ ጥያቄዎች አንዱን ልመልስ። ከሰል የሚዘጋ ከሆነ፣ ግብሩም የሚሞት ከሆነ፣ ስለዚህ ማውራት ምን ይጠቅማል የሚል ነው።

ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ፈንዱ አልሞተም። የሞንታና ዋና ገንዘብ እዚያው ነው፤ ወለዱ በየዓመቱ ይመጣል። ነገ ጠዋት ግብሩ ዜሮ ቢሆን እንኳ ወለዱ ይቀጥላል። እኔ ብጠየቅ የማደርገው ይህን ነው። ከዓመታዊው ወለድ የተወሰነ ድርሻ፣ በሕግ ተጽፎ፣ ከሰል ላወጡ ካውንቲዎችና ለክሮ ሕዝብ ብቻ ይሁን። ብድር አይሁን፤ ድጎማ ይሁን። መጀመሪያ የሚሠራበት ነገር ሰው ላይ ይሁን፤ ማዕድን ቤት 20 ዓመት የሠራ ሰው ሌላ ሙያ እስኪማር ድረስ የቤቱን ወጪ የሚሸፍን። ከዚያ ቧንቧ፣ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት። የካውንቲው ግብር ከፋይ ሲዘጋበት ትምህርት ቤቱ በዚያው ዓመት መምህር እንዳያባርር፣ ለ10 ዓመት እየቀነሰ የሚሄድ ድጋፍ። ገንዘቡን የሚመድበው ቦርድ ውስጥ ከወንበሮቹ ግማሹ የእዚያው አካባቢ ሰው ይያዝ። ስብሰባውም በዋና ከተማው በሄለና ሳይሆን በኮልስትሪፕና የክሮዎች አስተዳደር መቀመጫ በሆነችው በክሮ ኤጀንሲ ይደረግ፤ ሰዉ ከሥራ ወጥቶ መምጣት በሚችልበት ሰዓት።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ፣ ማይኩ እየመጣላችሁ ነው።